«ውሻው ከሄደ እኔ እቀራለሁ»

ደብዳቤው፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኑሮዬ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። መምህር ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። በሚቀጥለው ወር ከተጋባን አንድ ዓመት ይሞላናል። እሷም እንደምንም ተረኛ ቀይራ ቅዳሜና እሑዱን ነፃ አድርጋለች። ስሜን ተራሮች ሄደን አንድ ሌሊት ልናድር አስበናል። ችግሩ መቻል ነው። መቻል ውሻዬ ነው። ትዳር ሳልይዝ ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ብቸኝነቴን ያስረሳኝ እሱ ነው። ለፋሲካ ቤተሰብ ጥየቃ ስንሄድ ጎረቤት ግቢ አስሬው ነበር። ገመዱን በጥሶ ሁለት ቀን ጠፋ፤ ያገኘሁት አራዳ፣ ሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ነው። አሁን ግን ይዤው ልሂድ አልኩ። ባለቤቴ ‹ውሻው ከሄደ እኔ እቀራለሁ› አለች። ውሻ አትወድም፤ ስነካው እንኳ ‹እጅህን ታጠብ› ትለኛለች። በዚያ ላይ ጠዋት ይዤው ስወጣ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ። አማቴም ‹የተማረ ሰው ውሻ አስከትሎ ይንሸራሸራል?› ብለዋል። ባለቤቴን እንዴት ላሳምናት? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ የፈለግከው ባለቤትህን የምታሳምንበት ዘዴ ነው። እሱን ከእኔ አታገኝም። መቻል ስሜን አይሄድም። ለባለቤትህ አድልቼ እንዳይመስልህ፤ ያደላሁት ለቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያለው ሁሉ ቢቆጠር 500 ገደማ ነው። አብዛኛው ባሌ ሲሆን ስሜን ላይ የቀረው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላና ውሻ ነው፤ የውሻ በሽታ ሲመጣም እንደ ውሻ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተሻግሮ፣ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዲስተምፐር የሚሉት ሌላ የውሻ በሽታ ገብቶባቸዋል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲሉ አባቶቻችን ያሰቡት አጥር ነበር፤ እዚያ ተራራ ላይ ግን ውሻ በቀደደው የገባው በሽታ ነው።

«የእኔ ውሻ እኮ ጤነኛ ነው» ትለኝ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። የተከተበ ውሻም ቢሆን የእብድ ውሻው ክትባት ዲስተምፐርን አይከለክልለትም። መቻል ማንንም ሳይነክስ፣ ማንንም ሳያባርር፣ ሳር ላይ ተጸዳድቶ ብቻ ቢመለስ በሽታ ትቶ ሊሄድ ይችላል። የፓርኩ ደንብም የቤት ውሻ ይዞ መግባትን አይፈቅድም። ደባርቅ ላይ ትኬት ቆርጣችሁ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ስትይዙ ያዩታል፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከበር መመለስ ደግሞ ለጋብቻ በዓል አይሆንም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ከ1996 እስከ 2017 ግን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ሰንብቷል። 21 ዓመት ፈጅቶ ወደ ወጣበት መዝገብ አንተና እኔ በውሻ ገመድ ጎትተን አንመልሰው።

ስለ ስሜን ይኸው ነው። አሁን ወደ ቤትህ እንግባ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዘልዬው የሄድኩት ነገር ሁለተኛው ላይ ያዘኝ፦ ድንገተኛ ክፍል። አንተ ውሻ ስትል የሚታይህ ጅራቱን እየቆላ በር ላይ የሚጠብቅህ መቻል ነው። እሷ የሚታያት ግን በሌሊት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ ባቱ የተዘነጠለ ልጅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጥም እያቃጠለው ውሃ ሲቀርብለት የሚንዘፈዘፍ ሰው አስታምማ ይሆናል፤ ያንን ያየ ሰው ውሻ ሲያይ ጅራቱን አያይም፣ ጥርሱን ነው። «እጅህን ታጠብ» ማለቷ ሙያዋ ነው። አንተ «ውሻ አትወድም» ብለህ ጻፍክልኝ፤ እኔ ግን ፈርታ ይመስለኛል፣ ፍርሃቷም ከዕውቀት የመጣ ነው። ጠይቃት። «ምን አይተሽ ነው?» በላት። አንድ ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ ጠይቀሃት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤህ ውስጥ ይኖር ነበር።

ሌላም ነገር ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። መቻል ስለመከተቡ አንድም ቃል የለም። መጻፉን ረስተኸው ከሆነ ይቅርታህን። ሳታስከትበው ከሆነ ግን ጥፋቱ የአንተ ነው፤ አለሳልሼ አልነግርህም። ይህ ውሻ ፋሲካን ያሳለፈው ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ለአጥንት ሲናከስ ነው። ሚስትህን የጠየቅካት ያንን ውሻ እግሯ ሥር አስተኝታ ደባርቅ ድረስ እንድትሄድ ነው። እኔም ብሆን እቀር ነበር።

ስለዚህ ሽርሽሩ ቀርቶ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰደው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ከተማ ነው፤ የከብት ሐኪም ጠፋ የሚባልበት አገር አይደለም። የፋሲካውን ነገር አትደብቅ፤ ሁለት ቀን ጠፍቶ እንደነበር፣ ሲመለስም ቁስል ኖሮበት እንደሆነ ንገራቸው። የእብድ ውሻ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። በደንብ እስኪሠራ ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። በዓላችሁ የሚቀጥለው ወር ስለሆነ ዛሬ ነገ ካላልክ ይደርሳል። የትል መድኃኒቱንና የመዥገሩንም አብረህ ጨርስ። ወረቀቱን ስትቀበል መሳቢያህ ውስጥ እንዳትከተው፤ ለባለቤትህ ስጣት፤ የሚደገምበትንም ቀን እሷ ትያዘው። ማንንም ቢነክስ፣ ወይም አንተን ለጨዋታ ብሎ ቢቧጭርህ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥበህ ቀጥታ ጤና ተቋም ነው፤ ጠበልም ቅጠልም ከዚያ በኋላ። ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው፤ እሷማ ለእኔም ታስተምረኛለች።

ታዲያ በዓሉ እንዴት ይሁን? የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ሽርሽሩ ለሦስት፣ አዳሩ ለሁለት።

መጽሐፈ ጦቢትን አንብበህ እንደሆነ፣ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሲነሣ ውሻው ተከትሏቸዋል። ሲመለሱም አብሯቸው ነበር። በጉዞው መሐል ጦብያ ሣራን አገባ። ውሻው ጫጉላ ቤት ገባ የሚል ግን የትም አላየሁም። ለአማትህም ይህንን ንገርልኝ፤ መልአክ ያልተጸየፈውን ጉዞ እሳቸው ይጸየፉት እንደሆነ እንይ።

ለአዳሩ መቻልን የሰው ግቢ ወስደህ አትሰረው። ፋሲካ ላይ የተሳሳትከው መተውህ አይደለም፤ ቤቱንም አንተንም በአንድ ቀን አሳጣኸው። አሁን ሰውየውን ወደ ውሻው አምጣው። ወንድምህ ይሁን፣ የእህትህ ልጅ፣ ወይም ለፈተና የሚያጠና ጸጥታ የናፈቀው ተማሪህ፣ ያችን ሌሊት እናንተ ቤት ይደር። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ከእጁ ያብላው፤ አንድ ሌሊትም ለሙከራ እናንተ ሌላ ቦታ አድራችሁ እዩት። ያልታጠበ ሹራብህን መተኛው ላይ ጣልለት፤ ሽታህ ካለ እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጁ ውሃና ምግብ ብቻ ይስጠው። በዓል ነው ብሎ የተረፈ ዶሮ ወጥ እንዳያቀርብለት አደራ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም የሚጎዳ መርዝ ነው። (ጎንደር ላይ ሽንኩርት የሌለው ወጥ ከየት ይመጣል አትበለኝ። ደረቅ እንጀራና ጨው ያልገባበት የተቀቀለ ሥጋ በቂው ነው።)

ስሜንማ አንተም ታውቀዋለህ። ለአንድ ሌሊት ሳንቃበር ድረስ ይበቃችኋል፤ ከዚያ በላይ ልሂድ ብትሉ ሰዓቱ በመኪና ያልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያ መስመር ሹፌሮች አረጋግጡ፤ ጥርጣሬ ካለ በዓሉ ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም።

የሦስታችሁ ሽርሽር ላይ ነው ረዘም ማለት የምፈልገው፤ ምክንያቱም በዓሉ ሲያልፍ የሚቀረው እሱ ነው። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ውሻ ይዞ መንገድ መምረጥ ቀላል አይደለም፤ በየት በኩል ብትወጣ ደጀ ሰላም ይገጥምሃል። ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ እናቶች መቻልን አይተው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሲሸሹ፣ ለእነሱም ለአንተም ደስ አይልም። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ይተው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ በአህያና በፍየል፣ እግራቸው ታስሮ በተዘቀዘቁ ዶሮዎች መሐል መቻል ራሱን ይስታል። የሚቀርህ የሥራ ቀን ማለዳና እሑድ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። በጋውን፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቤት ግባ። ኮብልስቶኑ ሲግል እኛ በጫማ አይታወቀንም፣ እሱ ግን ባዶ እግሩን ነው። የእጅህን ጀርባ ድንጋዩ ላይ አድርገህ እስከ ሰባት ቁጠር፤ ካልቻልክ እሱም አይችልም።

ወዴት እንሂድ ካልከኝ፣ የጎሃን አቀበት እወደዋለሁ። ገና ጎህ ሲቀድ ወጥተህ ከላይ ስታየው ከተማው ጢሱን ለብሶ ይተኛል፤ የግንቡ ራስ ብቻ ብቅ ብሎ። ወደ ቁስቋም የሚወስደውም ጥሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሳትደርሱ ተመለሱ እንጂ። ከጥምቀተ ባሕሩ፣ ከአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ቅጥር ውጭ ባለው ጥላ ሥር መቀመጥም አለ። ግንቡም ሆነ መዋኛው በትኬት የሚገባበት ቅርስ ነው፤ መቻልን ይዘህ ከጥበቃ ጋር አትጨቃጨቅ፣ ውጪው ይበቃል። እዚያ አካባቢ ስትሄዱ ግን አማትህን አንድ ቀን ጋብዛቸው። ከመዋኛው አጠገብ ጉልላት ያላት ትንሽ ሕንፃ አለች፤ የዞብል መታሰቢያ ትባላለች። ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነው። አባ ታጠቅ የተባሉት አፄ ቴዎድሮስም የሚፎከርላቸው በፈረሳቸው ስም ነበር። ለፈረስ ጉልላት ያቆመ፣ ንጉሡን በፈረሱ ስም የሚጠራ አገር ልጅ «ከእንስሳ ጋር መታየት ነውር ነው» ሲል እኔ አይገባኝም። ፈረስ ሌላ ውሻ ሌላ ይሉህ ይሆናል። ይበሉ፤ ቢያንስ ጨዋታው ይሞቃል።

ልጆቹን አትቆጣቸው። ድንጋይ የሚወረውሩት ከክፋት አይደለም፤ ለውሻ ጎንበስ ማለትን ከእኛው ነው የተማሩት። መቻልን አስቀምጠህ፣ በስማቸው ጠርተህ ሰላም በላቸው። ከመሐላቸው ቀንደኛውን ምረጥና ገመዱን አስይዘው፤ አንተም ጫፉን ያዝ። በሳምንቱ ሌላ ልጅ ድንጋይ ቢያነሣ የሚጣላልህ እሱ ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ደግሞ አንተ ዳር ያዝ፣ ገመዱን አሳጥረው፣ ቀድመህ ሰላምታ ስጥ። ገመድ ሳይኖር ግን ከግቢ አትውጣ፤ ሰፈርህ ውስጥም ቢሆን።

ክትባቱ ከሠራ በኋላ ራቅ ማለት ካማራችሁ ኮሶዬ ነው። በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ነገር ነው። ዳቦ፣ ቆሎና ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ከያዛችሁ ሌላ አያስፈልግም፤ እግራችሁን ዘርግታችሁ ቆላውን ከላይ ማየት ነው። ሚኒባስ ላይ ከረዳት ጋር አትከራከር፤ የጓደኛ መኪና ለምን ወይም ኮንትራት ያዝ፣ ውሻ እንዳለም ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት ተናገር። መቻል መኪና ካልለመደ አስቀድመህ አዘዞ ድረስ ወስደህ መልሰው፤ የሚያስመልሰው እንደሆነ እዚያው ይታያል። ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት አታብላው፣ ወለሉ ላይ አሮጌ ጨርቅ ዘርጋ። ኮሶዬ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊኖር ይችላል። ጭላዳ ሳሩን እየነጨ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚውለው፤ የደነገጠ ውሻ ካባረረው እሱ ገደሉን ያውቀዋል፣ መቻል ግን አያውቀውም። ስለዚህ ገመዱ ከእጅህ አይውጣ። ከመጨለሙ በፊትም ተነሡ፤ ጅብ ውሻ እንደሚወድ ለጎንደሬ አልነግርም።

ጎርጎራ ካላችሁ ከራሴ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ውሻችንን ይዘን ለአንድ ሌሊት ሄድን። እንግዳ ማረፊያው በስልክ «ችግር የለም፣ ኑ» ብሎን ነበር። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጭዋሂት አቧራ ጠጥተን ስንደርስ ዘበኛው ውሻውን አየና «ውሻ ስትሉ ቡችላ መስሎን ነው» አለ። በስልክ «ኑ» ያለን ሰው ደግሞ እዚያ አልነበረም። ባለቤቴ ከውሻው ጋር መኪና ውስጥ፣ እኔ ክፍል ውስጥ አደርን። ሌሊቱን ሙሉ ከሐይቁ በኩል ጉማሬ ሲያጉረመርም፣ ውሻችን ሲመልስለት ነጋ። ከዚያ ወዲህ አዳር ስጠይቅ የውሻውን ቁመት እናገራለሁ፣ የፈቀደውንም ሰው ስም እጽፋለሁ። ጣና ዳር ደግሞ ውሃው ያምራል ብላችሁ አትግቡበት፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ ለመቻልም የሚጠጣ ውሃ ከቤት ያዙለት።

ባለቤትህ መቻልን እንድታቅፍ አትጠብቅ። ኮሶዬ ላይ እሱ በአንተ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ከተቀመጡ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ስትመለሱ እጅ ማስታጠቢያውን አንተ አቅርብላት፣ አንተም ታጠብ፤ ሳትነግርህ።

ስሜን ስትደርሱ ኔትወርክ ካገኘህ ቅዳሜ ማታ ለልጁ አንድ ጊዜ ደውል፤ መቻል እንዴት እንደዋለ ጠይቅ፣ ዝጋ። ሁለተኛ ስትደውል ስልኩን ከእጅህ ብትነጥቅህ ግን እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።